ሸረሪቷ ያልገባችበት የአንጓች ጫማ ቤት

በሉ ጠጋ በሉ። በርጩማ ያለው ይቀመጥ፣ የሌለው ግድግዳ ይደገፍ፤ ይህ ተረት ቆሞ ለሚሰማው እግር ያደነዝዛል። እኔ የሰማሁት ቀን ክው ብዬ ቀርቻለሁ። ዛሬ ተራው የእናንተ ነው።

ደንበጫ ውስጥ አንጓች የምትባል ጫማ ሰፊ ነበረች። ሃምሳ ዓመት የሞላት፣ ቀሚሷ መሬት የሚጠርግ፣ ከሥራ ወንበሯ ብዙም የማትነሣ ሴት። የምትሰፋው ጫማ ገበያ ላይ የሚሰጣውን ዓይነት አይደለም። እግሩ በዝሆኔ ላበጠ ሰው የሚሆን ነው፤ ሰፋ ያለ፣ ከላይ በማሰሪያ እንደ እግሩ የሚላላና የሚጠብቅ። ለምን ይህን ብቻ እንደምትሰፋ ጠይቋት የሚያውቅ የለም። እሷም ለማንም ነግራ አታውቅም።

አንድ ቀን ከባሕር ዳር ቆዳ ገዝታ ስትመለስ፣ አውቶቡስ ላይ ከጎኗ አንድ ሰው ተቀመጠ። ሰውየው ከፊቱ ላለው መንገደኛ ስለ እኅቱ ያወራል። እኅቱ እግሯ ካበጠ ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ ከግቢ አልወጣችም። የሚበቃት ጫማ የለም። በባዶ እግሯ እንዳትወጣ ሰው ያያታል፣ ዘር አለባት ይላል፣ እርግማን ነው ይላል።

«እሑድ እሑድ ስልኬ ላይ እጽፋለሁ» አለ ሰውየው። «ለዝሆኔ እግር የሚሆን ጫማ ብዬ እጽፋለሁ። ስልኩ የለም ይለኛል።»

አንጓች ይህን ሰማች። እንዲህ ያለ ጫማ አንድ ጥንድ ጉልበቷ ላይ ባለው ዘንቢል ውስጥ ነበር። አውጥታ ልታሳየው እጇን ሰደደች፤ መለሰችውም። አውቶቡሱ ሰው ጢም ብሎበታል። አፏ ተሳሰረ። ምን እንዳስፈራት ኋላ ትሰማላችሁ። ሰውየው እንጅባራ ላይ ወረደ። ስሙን አልጠየቀችው፣ ሠፈሩን አታውቅ፤ ዘንቢሏን አቅፋ ወደ አገሯ ሄደች። እንቅልፍ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አኮረፋት።

ስለዚህ አንጓች የፈለገችው አንዲት ትንሽ ነገር ናት። ያ ሰው እሑድ ሲጽፍ ስልኩ «አለ» እንዲለው። ይኸው ነው፤ ሌላ ምንም አልፈለገችም።

መናኸሪያው አጠገብ ኮምፒውተር ቤት ያለው ይበልጣል የሚባል ሰው ድረ ገጽ ሠራላት። የጫማዎቹን ፎቶግራፍ አስገባ። ስልክ ቁጥሯን አስገባ። ሩቅ ያለ ሰው እግሩን ወረቀት ላይ አሳርፎ ዙሪያውን በእርሳስ ከቦ እንዴት እንደሚልክላት አስገባ። አልቋል አላት። እሷም እሑድ እስኪደርስ ጠብቃ፣ የሰውየውን ቃል አንድም ሳታጎድል ስልኳ ላይ ጻፈች። ስልኩ የለም አላት።

ደገመች። የለም። የገዛ ስሟን ጻፈች። የለም። ክው አለች። ፎቶግራፉን በዐይኗ አይታዋለች፣ ቤቱ ተሠርቷል፤ ዓለም ግን እንዲህ ያለ ቤት አላውቅም ትላለች።

ተነሥታ መፈለጊያው ዘንድ ሄደች። መፈለጊያው ያ ስልክ ላይ የጻፍነውን ተቀብሎ፣ ከዓለም ድረ ገጽ ሁሉ እየለቀመ የሚያመጣልን ነው። ትልቅ መዝገብ አለው፤ መዝገቡ ላይ የሌለ ሁሉ ለእሱ አልተፈጠረም። በተረት ደግሞ መፈለጊያም ይናገራል፤ እንዴት ብላችሁ እንዳታቋርጡኝ። «አንተ መፈለጊያ፣ ቤቴን መዝግብልኝ» አለችው። መፈለጊያው አልመዘግብም አላት። ሸረሪቴ ገብታ ያላየችውን ቤት ሰው ለምኖኝ አልመዘግብም አላት።

ሰውየው እሑድ እሑድ ይጽፋል፣ ስልኩ የለም ይለዋል። መፈለጊያው አልመዘግብም አለ።

አንጓች ሸረሪቷን ፍለጋ ሄደች። ይህች ሸረሪት የመፈለጊያው መልእክተኛ ናት። ቀን ከሌት በድር ላይ ትሄዳለች፣ ከድረ ገጽ ድረ ገጽ ትረግጣለች፣ ያየችውን ተመልሳ ታስመዘግባለች። አንጓች አገኘቻትና ወደ ቤቴ ነይልኝ ስትል ለመነቻት። ሸረሪቷም ከመንገዷ ሳትቆም፣ እኔኮ ሁለት ጊዜ መጥቻለሁ አለቻት። ደጃፍሽ ድረስ መጥቼ ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ። በርሽ ላይ መግባት ክልክል ነው የሚል ማስታወቂያ አለ፤ እሱ እያለ አልገባም።

አንጓች ደርቃ ቀረች። እንግዳ ደጃፏ ድረስ ሁለት ጊዜ መጥቶ ሲመለስ አላወቀችም። ደግሞስ ምን ማስታወቂያ? እሷ በዐይኗ አላየችም። ለካ ማስታወቂያው ለሰው ዐይን አይታይም፤ የሚያነቡት ሸረሪቶች ብቻ ናቸው። እንግዲህ ሰው በራፉ ላይ የተሰቀለውን ሳያይ ስንት ዘመን ይኖራል ብዬ እኔም እዚህ ላይ ገርሞኛል።

ሰውየው እሑድ እሑድ ይጽፋል፣ ስልኩ የለም ይለዋል። መፈለጊያው አልመዘግብም አለ። ሸረሪቷ አልገባም አለች።

አንጓች ወደ ማስታወቂያው ሄደች። ማስታወቂያው አንድ መስመር ጽሑፍ ነው፤ ኩራቱ ግን የአንድ ቢሮ ኩራት ነው። ተነሥልኝ አለችው። አልነሣም አላት። እኔ በገዛ እጄ አልተሰቀልኩም፣ በገዛ እጄም አልነሣም፤ የሰቀለኝን ጠይቂ አላት። ማን ሰቀለህ ብትለው ይበልጣል አላት።

ይበልጣል? ይኼ አፈ ለስላሳው፣ አልቋል ብሎ የሸኛት ይበልጣል? አንጓች እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ሰውየው እሑድ እሑድ ይጽፋል፣ ስልኩ የለም ይለዋል። መፈለጊያው አልመዘግብም አለ። ሸረሪቷ አልገባም አለች። ማስታወቂያው አልነሣም አለ።

መናኸሪያው ድረስ እንዴት እንደሄደች አታውቀውም። ይበልጣል ፎቶ ኮፒ እያነሣ ነበር። አንጓች ሳትቀመጥ፣ ሰላምታም ሳታስቀድም፣ ምን አድርጌህ ነው በሬን የዘጋህብኝ አለችው። ይበልጣል ወረቀቱን አስቀመጠና በትሕትና አያት።

«እትዬ አንጓች፣ የዘጉት እርስዎ ነዎት» አላት። «እግረ ርጥብ ሳይገባበት ማንም እንዳይገባ አላሉኝም?»

ብላለች። እውነት ነው፣ በገዛ አፏ ብላለች። በአገሩ አዲስ ቤት ወይም አዲስ ሱቅ ሲከፈት፣ መጀመሪያ ደጃፉን የሚረግጠው ሰው እግሩ የቀና መሆን አለበት። እግረ ርጥብ ከገባ ቤቱ ይሞላል፣ እንግዳ አይለየውም። እግረ ደረቅ ከቀደመ ግን በቃ፣ ቤቱ ጭር ይላል። አንጓችም ድረ ገጹ ሲሠራ፣ ቤት ቤት ነውና፣ እግረ ርጥብ የሆኑት እማማ ማንጠግቦሽ ገብተው ሳይመርቁልኝ ዝንብ እንዳታስገባ ብላ አስጠንቅቃው ነበር። ይበልጣልም ዝንብ የለ፣ ሸረሪቷን ከለከላት። ከዚያ እሷ ዛሬ ነገ ስትል ነገሩን ረሳችው።

አንጓች የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። ሰው ከስሳ፣ ማሽን ከስሳ፣ ሸረሪት ከስሳ፣ ጥፋቱ ዞሮ ከራሷ ምላስ ተገኘ። በቃ ቃሌን አንሥቻለሁ፣ አንተም ማስታወቂያውን አንሣ አለችው። ይበልጣል ግን አላነሣም አለ። ኮምፒውተር ቢማርም የአገሩ ልጅ ነው። የራሱን ሱቅ ሲከፍት ዝም ብሎ በሩን ወለል አድርጎ፣ መጀመሪያ የገባው ሰውዬ እግረ ደረቅ ሆኖ፣ በሳምንቱ ማተሚያ ማሽኑ ጭስ አውጥቶ ቀርቷል። ነገ አንድ ነገር ቢበላሽ እርስዎ እኔን ነው የሚሉት፤ እማማ ማንጠግቦሽ ይምጡና በደቂቃ አነሣዋለሁ አላት።

ሰውየው እሑድ እሑድ ይጽፋል፣ ስልኩ የለም ይለዋል። መፈለጊያው አልመዘግብም አለ። ሸረሪቷ አልገባም አለች። ማስታወቂያው አልነሣም አለ። ይበልጣል አላነሣም አለ።

እማማ ማንጠግቦሽን ደንበጫ ውስጥ የማያውቅ የለም። አርባ ዓመት ሙሉ የከተማው እግረ ርጥብ እሳቸው ናቸው። ወፍጮ ቤቱን የከፈቱት እሳቸው ናቸው፤ መድኃኒት ቤቱን የከፈቱት እሳቸው ናቸው፤ ሙሽራ አዲስ ጎጆ ሲገባ መጀመሪያ ቀኝ እግራቸውን የሚያስቀድሙት እሳቸው ናቸው። አሁን አሁን ግን ሁለት ዓመት ሆናቸው፤ ማንም ቢጠራቸው አይወጡም። ከተማው ኮርተዋል አለ። እኔም ብያለሁ፤ አልዋሽም።

አንጓች በራቸውን ቆረቆረች። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ከወገባቸው እስከ መሬት በነጠላ ተሸፍነው። ጉዳዩን ከአውቶቡሱ ጀምራ ነገረቻቸው። ሰሟት፣ አዘኑላት፣ ዐይናቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩና አልመጣም አሉ። ሌላ ሰው ፈልጊ አሉ። ለምን ብትላቸው ነጠላቸውን ወደ ታች ሳቡ። አንጓች ጉልበታቸውን ይዛ ስትለምን፣ የነጠላው ጫፍ ሸርተት አለ።

አንጓች ያየችውን አየች። አንድ የእግር ጣት ብቻ ናት የታየችው፤ እሷ ግን ሃያ ዓመት ይህን እግር ስትለካ የኖረች ናት፣ አንድ ጣት በቅቷታል። አገሩን ሁሉ የባረከው፣ በየደጃፉ የቀደመው እግር አብጧል። እማማ ማንጠግቦሽ አልኮሩም፤ አፍረው ነው። አንጓች መሬት ላይ ቁጭ አለች። እኔም ይህን የሰማሁ ጊዜ ኮርተዋል ያልኩበትን አፌን ምን እንደማደርገው ጠፍቶኛል።

«እግሬን ጠይቂው» አሉ፣ ነጠላቸውን መልሰው እየሳቡ። «እኔማ ልቤ በወጣ።»

አንጓች እግራቸውን ጠየቀችው። እግራቸውም ጫማ ሳይኖረኝ አልወጣም አለ።

ሰውየው እሑድ እሑድ ይጽፋል፣ ስልኩ የለም ይለዋል። መፈለጊያው አልመዘግብም አለ። ሸረሪቷ አልገባም አለች። ማስታወቂያው አልነሣም አለ። ይበልጣል አላነሣም አለ። እማማ ማንጠግቦሽ አልመጣም አሉ። እግራቸው አልወጣም አለ።

ይኼማ የኔ ሥራ ነው አለች አንጓች፤ ሮጣ ሱቋ ገባች፤ የባሕር ዳሩን ቆዳ ዘረጋች። ቆዳው አልቆረጥም አለ። ስንት ተብዬ ነው የምቆረጠው፣ ልኬት አምጪ አለ። ሜትሯን ከኪሷ አወጣች። ሜትሩም አልለካም አለ። የተሸፈነ እግር ለክቼ አላውቅም፣ ነጠላው ይነሣልኝ አለ። ወደ እማማ ማንጠግቦሽ ተመለሰች፣ ነጠላውን ለመነችው። ነጠላውም አልገለጥም አለ። የያዘኝ የእጃቸው ጣት አይደለም፣ ሀፍረታቸው ነው፤ ሀፍረት ደግሞ በልመና አይለቅም አላት።

ሰውየው እሑድ እሑድ ይጽፋል፣ ስልኩ የለም ይለዋል። መፈለጊያው አልመዘግብም አለ። ሸረሪቷ አልገባም አለች። ማስታወቂያው አልነሣም አለ። ይበልጣል አላነሣም አለ። እማማ ማንጠግቦሽ አልመጣም አሉ። እግራቸው አልወጣም አለ። ቆዳው አልቆረጥም አለ። ሜትሩ አልለካም አለ። ነጠላው አልገለጥም አለ።

ከዚህ ወዲያ የምትሄድበት የለም። መንገዱ አልቋል። የሚጠየቅ ሰው የለ፣ የሚለመን ዕቃ የለ። አንጓች እዚያው መሬቱ ላይ ተቀምጣ ብዙ ቆየች። እማማ ማንጠግቦሽ ሄዳለች ብለው ዘወር ቢሉ አለች። የቀሚሷን ጫፍ ይዛለች።

አሁን ነው የምነግራችሁ። አንጓች ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰበሰበችው። የግራ እግሯን ጫማ ማሰሪያ ፈታች፤ አወለቀችው። እግሯ አብጦ ነበር። የዛሬ አይደለም፣ የዱሮ ነው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ነው። ያን ሁሉ ዘመን በረጅም ቀሚስ ሸፍናው፣ ከወንበሯ ሳትነሣ፣ ሃያ ዓመት ለሌላ ሰው እግር ጫማ ስትሰፋ የኖረችው ከዚህ እግር ጋራ ነው። የመጀመሪያውን ጫማ የሰፋችውም ለዚሁ እግር ነው። አውቶቡስ ላይ አፏን ያሰረውም ይኸው ነው፤ ጫማውን ባወጣው፣ አንቺስ ከምን አወቅሽው ቢሉኝ ብላ ነው።

እማማ ማንጠግቦሽ ጮኹ እንዳልል አልጮኹም። በየሳምንቱ ገበያ ሲያዩዋት የኖሩ፣ በክርስትና በሠርግ አብረዋት የበሉ ሴት ናት። ከተማው በሙሉ አያውቅም። የራሷ ጎረቤት አያውቅም።

«አንቺም?» አሉ።

«እኔም» አለች አንጓች። «በሳሙና አጥባለሁ፣ ቅባት እቀባለሁ፣ ጫማዬን አስራለሁ፣ እሄዳለሁ። እርስዎም ይሄዳሉ።»

እማማ ማንጠግቦሽ የአንጓችን እግር አዩ፣ አዩ፣ አዩ። ዐይናቸው እንባ ሞላ። ከዚያ እጃቸው ነጠላውን ለቀቀው።

ነጠላው ተገለጠ፤ ሜትሩ ለካ፤ ቆዳው ተቆረጠ።

አራት ቀን ሰፋችው፤ ማሰሪያውን ሦስት ጊዜ ቀየረችው። በአምስተኛው ቀን፣ ረቡዕ፣ ገበያ በቆመበት ሰዓት፣ እማማ ማንጠግቦሽ ጫማቸውን አስረው ወጡ። አንጓችም ቀሚሷን ከቁርጭምጭሚቷ ከፍ አድርጋ ጎን ጎናቸው ሄደች። ሽንኩርት የሚመዝነው ሚዛኑን እንደያዘ ቀረ፤ የምትቀበለው ሴት ዘንቢሏን እንደዘረጋች ቀረች። እኔ እዚያ ነበርኩ። ከሁለቱ እግር ዐይኔን ማንሣት አቅቶኝ ቆይቼ፣ ሳነሣው የእማማ ማንጠግቦሽን ዐይን አገኘሁት። ልክ እንደ ዱሮው እንዴት ዋልክ አሉኝ። ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ።

ይበልጣል ሱቅ ደጃፍ ላይ ሲደርሱ እማማ ማንጠግቦሽ ቀኝ እግራቸውን አስቀደሙ። ይበልጣል ገጹን ከፍቶ ስልኩን አቀረበላቸው። እሳቸው ግን ቤት የሚገባው በእግር እንጂ በጣት አይደለም ብለው፣ ስልኩን መሬት አስቀምጦ እንዲይዝላቸው አዘዙት፤ በአዲሱ ጫማቸው ጫፍ ቀስ ብለው ነካ አደረጉት። ይበልጣል መስታወቱ ይሰበራል ብሎ ላብ አጠመቀው። አልተሰበረም።

«እግር ያመመው ሁሉ የሚገባበት ቤት ያድርገው» አሉ። እሱም አሜን ብሎ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጠ።

ሸረሪት የራሷ ቀን አላት፤ በማግስቱ አልመጣችም፣ በሳልስቱም አልመጣችም። በዘጠነኛው ቀን መጣች። በሩ ክፍት ነው። ገባች፣ ጫማውን አየች፣ የስልክ ቁጥሩን አየች፣ ሄደችና አስመዘገበች።

እሑድ ሆነ። የአንጓች ስልክ ጠራ። ድምፁን ገና ሃሎ ሲል አወቀችው። ሰውየው ይንተባተባል፤ ስልኩ የቀለደበት መስሎት ሦስት ጊዜ ጽፎ ሦስት ጊዜ አለ ብሎታል። በእውነት ይህን ጫማ ትሠሪያለሽ ወይ አላት። እሠራለሁ አለችው። ከዚያ ዝም ማለት ትችል ነበር፤ የሚያስገድዳት ማንም የለም።

«እንጅባራ ስትወርድ ከጎንህ የነበርኩት እኔ ነኝ» አለችው። «ጫማው ጉልበቴ ላይ ነበር። እግሬን ደብቄ ነበርና ዝም አልኩህ። ይቅር በለኝ።»

ወዲያ ማዶ ስልኩ ሲንኮሻኮሽ ተሰማ። አንጓች ስልኩን የዘጋባት መሰላት። ወዲያው ግን ሌላ ትንፋሽ መጣ፤ ቀጭን፣ ሴት። እኅቱ ናት፤ ሁሉንም ስትሰማ ነበር። ስሟን አልተናገረችም። አንጓች ወረቀቱን እንዴት እንደምትዘረጋ፣ እርሳሱን እንዴት እንደምታዞር ቀስ ብላ ነገረቻት። ልጅቷ እሺ ትላለች፣ እሺ ትላለች። መጨረሻ ላይ አንጓች ቀለሙ ምን ይሁንልሽ አለቻት።

ልጅቷ ክው አለች። እግሯ ካበጠ ወዲህ ማንም ምን ትወጃለሽ ብሏት አያውቅም።

«ቀይ» አለች።

ይኸውላችሁ፤ ነጠላው ተገለጠ፤ ሜትሩ ለካ፤ ቆዳው ተቆረጠ፤ እግራቸው ወጣ፤ እማማ ማንጠግቦሽ መጡ፤ ይበልጣል አነሣ፤ ማስታወቂያው ተነሣ፤ ሸረሪቷ ገባች፤ መፈለጊያው መዘገበ፤ ሰውየው እሑድ ጻፈ፤ ስልኩ አለ አለው። ቀዩ ጫማ በቀጣዩ ሳምንት በአውቶቡስ ወደ እንጅባራ ሄደ።

ተረቴን እዚህ አወለቅሁት፤ ልክ የሆነው ይጫማው። የቆማችሁ ደግሞ አሁን ተቀመጡ፣ እግራችሁን አሳርፉ።